የባሕር ዳርቻ አሸዋን ዕድሜ በሉሚነሰንስ መለካት፦ ከናሙና እስከ ስሌት

በአሸዋ ውስጥ ያሉት ኳርትዝና ፌልድስፓር የተባሉ ማዕድናት በአፈር ውስጥ ካሉት ዩራኒየም፣ ቶሪየምና ፖታሲየም የሚወጣውን አልፋ፣ ቤታና ጋማ ጨረር እንዲሁም ከጠፈር የሚደርሳቸውን ጨረር እየተቀበሉ ከጉልበቱ ጥቂቱን በውስጣቸው ያከማቻሉ። ፀሐይ ሲያገኛቸው ክምችቱ ይራገፋል፤ ሲቀበሩ ደግሞ እንደ አዲስ መጠራቀም ይጀምራል። ላቦራቶሪ ውስጥ ብርሃን ሲበራባቸው ክምችቱ እንደ ፍካት ይወጣል፤ ሉሚነሰንስ የሚባለው ይህ ፍካት ነው። የሚለካውም አሸዋው ለመጨረሻ ጊዜ ፀሐይ ካየ ወዲህ ያለው ዘመን ነው። ስሌቱ አንድ ማካፈል ነው፦ የተጠራቀመው ጨረር በግሬይ (የጨረር መለኪያ አሃድ) ተለክቶ በየሺህ ዓመቱ ለሚደርሰው ጨረር ይካፈላል። ብዙ ጀማሪዎች ድካማቸውን ሁሉ የሚያፈሱት በመጀመሪያው ቁጥር ላይ ነው። በባሕር ዳርቻ አሸዋ ግን ውጤቱን በብዛት የሚያዛባው ሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ የእስራኤልን የሜዲትራኒያን ዳርቻ እንውሰድ። እዚያ ኩርካር የሚባል፣ በካልሲየም ካርቦኔት ተጣብቆ የደደረ የጥንት የአሸዋ ኮረብታ አለ፤ በመካከሉም ሐምራ የሚሉት ቀይ አፈር ይገባል። አሸዋው በአብዛኛው ኳርትዝ ሲሆን፣ ዓባይ ወደ ባሕር ያወረደውን ሞገድ በዳርቻው እየገፋ ያመጣው ነው። ነፋስ የነዳው አሸዋ ከመቀበሩ በፊት ፀሐይ በደንብ ስለሚያገኘው ለዚህ ዘዴ ይመቻል። ኃይለኛ ማዕበል ባንድ ጊዜ የጣለው ደለል ግን አሮጌ ክምችቱን ሳያራግፍ ሊቀበር ስለሚችል፣ ዕድሜው ከእውነተኛው በልጦ ይወጣል።

ናሙና አወሳሰድ

የገደሉን ፊት ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ ይጥረቡ። ከንብርብሮች ድንበር፣ ከትልልቅ ድንጋዮችና ከሥር ወይም ከእንስሳት ጉድጓድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የራቀ ቦታ ይምረጡ፤ ጋማ ጨረር ከዚያ ርቀት ድረስ ስለሚመጣ ዙሪያው አንድ ዓይነት አሸዋ መሆን አለበት። ለላላ አሸዋ 5 ሴንቲ ሜትር ስፋትና ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ በመዶሻ ይምቱ። ቱቦው ሙሉ ካልሆነ ክፍተቱን በጥቁር ፕላስቲክ ይጠቅጥቁት፤ አለበለዚያ በጉዞ ላይ ከጫፍ ያለው ብርሃን ያየ አሸዋ ከመሃሉ ጋር ይደባለቃል። ሁለቱን ጫፎች ብርሃንም እርጥበትም እንዳያልፍ አድርገው ያሽጉ። ቱቦ የማይገባበት ኩርካር ከሆነ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት ያለው ድፍን ቁራጭ ፈልጠው በአሉሚኒየም ወረቀትና በጥቁር ፕላስቲክ ይጠቅልሉት። ከዚያው ዙሪያ ግማሽ ኪሎ አሸዋ ለጨረር ልኬት ለብቻው ይያዙ። ጥልቀቱን፣ ከፍታውንና ኬክሮሱን ይጻፉ፤ የጠፈሩ ጨረር የሚሰላው በእነዚህ ነው።

ጨለማ ክፍል ውስጥ

ሥራው በደብዛዛ ቀይ ብርሃን ይሠራል። ከቱቦው ጫፎች 3 ሴንቲ ሜትር፣ ከቁራጩ ደግሞ ላዩን 2 ሴንቲ ሜትር ያንሱ። በውኃ እያጠቡ ከ125 እስከ 180 ማይክሮን (የሚሊ ሜትር ሺኛ) ያለውን በወንፊት ይለዩ። ቀጥሎ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥቂት በጥቂቱ ይጨምሩ። ዛጎልና ካርቦኔት የበዛበት አሸዋ አረፋው ገንፍሎ ናሙናውን ከብርጭቆው ስለሚያወጣው አይቸኩሉ፤ አዲስ አሲድ ሲጨመር አረፋ ካልታየ አልቋል። በሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የዕፅዋት ቅሪቱን ያስወግዱና ከ50 ዲግሪ በታች ያድርቁ። ጥግግቱ 2.62 እና 2.70 በሆነ የሶዲየም ፖሊተንግስቴት ፈሳሽ ኳርትዙን ይለዩ። ከዚያ 40 በመቶ ሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ለ40 ደቂቃ፦ የተረፈውን ፌልድስፓር ያሟሟል፣ የአልፋ ጨረር የነካውን የአሸዋ ቅንጣቱን ላይኛ ቅርፊትም ይልጣል። ይህ አሲድ ቆዳ ውስጥ ዘልቆ አጥንት ድረስ ይጎዳል፤ ልዩ ጓንት፣ የፊት መከላከያ፣ የጭስ መሳቢያና የካልሲየም ግሉኮኔት ቅባት በአጠገብዎ ሳይኖሩ፣ ወይም ብቻዎን ሆነው፣ በፍጹም አይንኩት። በመጨረሻ በሃይድሮክሎሪክ አሲድ አጥበው እንደገና በወንፊት ያሳልፉ።

ልኬት

የኳርትዝ ቅንጣቶቹ በሲሊኮን በብረት ዲስክ ላይ ተጣብቀው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ክብ ላይ ይደረደራሉ። ማሽኑ ዲስኩን ለ10 ሰከንድ ያሞቃል (ከ200 እስከ 260 ዲግሪ፤ ትክክለኛውን በሙከራ ይወስኑ)፣ በ125 ዲግሪ በሰማያዊ ብርሃን ለ40 ሰከንድ ያበራበታል፣ የሚወጣውን ፍካት ይቆጥራል። ቀጥሎ ትንሽ የመፈተሻ ጨረር ሰጥቶ እንደገና ይለካል። 80 ግሬይ የሚጠበቅ ከሆነ ማሽኑ በሚሰጠው የታወቀ ጨረር ዑደቱን በ40፣ 80፣ 120፣ 0 እና እንደገና በ40 ግሬይ ይድገሙት። የሁለቱ 40ዎች ውጤት አንዱ ለሌላው ሲካፈል ከ0.9 እስከ 1.1 ካልሆነ፣ ወይም በ0 ላይ ያለው ፍካት ከተፈጥሮው ፍካት 5 በመቶውን ካለፈ ዲስኩን ይጣሉት። ኢንፍራሬድ ሲበራበት የሚፈካ ከሆነ ፌልድስፓር ቀርቶበታል። ቢያንስ 24 ጥሩ ዲስኮች ያስፈልጋሉ።

ኳርትዝ ከ150 እስከ 200 ግሬይ አካባቢ ይሞላል፤ ከዚያ ወዲያ ማከማቸት አይችልም። ከዚያ በላይ ለሆነ አሸዋ ወደ ፖታሲየም ፌልድስፓር ይሂዱ፤ እሱ ግን ክምችቱ በራሱ ጊዜ ስለሚፈስ መጀመሪያ በ50 ዲግሪ፣ ከዚያ በ225 ወይም በ290 ዲግሪ በኢንፍራሬድ ይለካል። ይህ ፍካት በፀሐይ ቀስ ብሎ ስለሚራገፍ፣ ሳይራገፍ የሚቀረውን ለማወቅ ዛሬ ከባሕሩ ዳር ያለውን አሸዋ አብረው ይለኩ።

ውኃው

ውኃ ጨረር ይውጣል። በደረቅ አሸዋ ቤታ 0.50፣ ጋማ 0.35፣ ጠፈር 0.15 ግሬይ በሺህ ዓመት ነው እንበል፤ የተጠራቀመው ደግሞ 80 ግሬይ። ቤታውን ለ(1 + 1.25 × እርጥበት)፣ ጋማውን ለ(1 + 1.14 × እርጥበት) ያካፍሉ። እርጥበቱ ከደረቅ ክብደቱ 5 በመቶ ከሆነ ድምሩ 0.95 ይሆናል፣ ዕድሜውም 84,000 ዓመት ገደማ። 20 በመቶ ከሆነ ድምሩ ወደ 0.835 ይወርዳል፣ ዕድሜው 96,000 ገደማ ይደርሳል። የመጀመሪያው ከ80,000 ዓመት አካባቢ፣ ሁለተኛው ከ100,000 አካባቢ ከነበረው የባሕር ከፍታ ጋር ሊመደብ ነው፤ ማሽኑ ግን በሁለቱም ጊዜ ያነበበው ቁጥር አንድ ነው።

ስለዚህ በበጋ ከደረቀ ገደል የተገኘውን እርጥበት ብቻ አይመኑ። አሸዋው ሊይዝ የሚችለውን ከፍተኛ ውኃም ይለኩ፣ የከርሰ ምድር ውኃ ምልክት ፈልገው በሁለቱ መካከል ሰፊ ስህተት ያለው ግምት ይውሰዱ። ኩርካር ሌላም ጣጣ አለው፦ ካርቦኔቱ ቀዳዳውን የሞላው ከተቀበረ በኋላ ነው። በመጀመሪያው ዘመን እዚያ ቦታ አየርና ውኃ ስለነበረ፣ የዛሬው የጨረር መጠን የጠቅላላው ዘመን አማካይ አይደለም። በዛጎል የበዛ ደለል ደግሞ ዩራኒየም ከውኃ ጋር ሊገባና ሊወጣ ስለሚችል በጋማ ስፔክትሮሜትር (ጋማ ጨረርን በጉልበቱ እየለየ በሚለካ መሣሪያ) ዩራኒየሙ ከእሱ ከሚወለዱት ንጥረ ነገሮች ጋር ሚዛን ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

ውጤቱን ሲጽፉ ዕድሜውን ከስህተቱ ጋር፣ የተጠቀሙበትን የውኃ መጠን፣ የዲስኮቹን ብዛትና የተለካበትን ዓመት ይግለጹ። የሬዲዮካርቦን ዕድሜ ከ1950 ወደ ኋላ ይቆጠራል፤ የሉሚነሰንስ ግን ከተለካበት ዓመት ነው። በጥቂት መቶ ዓመት አሸዋ ላይ ይህ ልዩነት ጎልቶ ይታያል።