ሕመም ሲይዘን በላዩ ሥቃይ እንዳንጨምርበት፦ የቡድሃ የፍላጻ ምሳሌ በተግባር

ቡድሃ ስለ ሕመም ከተናገራቸው ምሳሌዎች እጅግ የታወቀው ሳምዩታ ኒካያ በተባለው፣ በጥንታዊው የፓሊ ቋንቋ በተጻፈው የቡድሃ ንግግሮች ስብስብ ውስጥ ይገኛል። አንድ ሰው በፍላጻ ይወጋል፤ ቁስሉ ገና ትኩስ ሳለ በሌላ ፍላጻ ይደገማል። የቡድሃን ትምህርት ያልተማረ ሰው አካሉን ሲያመው ያዝናል፣ ያለቅሳል፣ ደረቱን ይደቃል፤ ስለዚህ አንዱን ሕመም በአካሉም በአእምሮውም ይቀበለዋል። የተማረው ደቀ መዝሙር የሚቀበለው የመጀመሪያውን ፍላጻ ብቻ ነው። ይህ ማለት ግን አያመውም ማለት አይደለም፤ ትምህርቱ የመጀመሪያውን ፍላጻ አስቀራለሁ ብሎ ቃል አይገባም።

እንዲያውም ቡድሃ ራሱ ታሟል። ራጃጋሃ በተባለችው የጥንቷ ሕንድ ከተማ አቅራቢያ እግሩን የድንጋይ ስባሪ አቁስሎት ጽኑ ሕመም እንደተሰማው፣ እርሱም ሳይረበሽ በቀኝ ጎኑ ጋደም ብሎ እንደታገሠው ተጽፏል። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጀርባውን ስላመመው ትምህርቱን እንዲቀጥል ለደቀ መዝሙሩ ለአናንዳ ሰጥቶ ዐርፏል። ለታመሙ መነኮሳትም ቅቤ፣ ዘይትና ማርን የመሳሰሉ ነገሮች በመድኃኒትነት እንዲወስዱ ፈቅዷል። ስለሆነም የመጀመሪያው እርምጃ መታከም ነው፤ በተለይ ደረትን አጥብቆ የሚይዝ፣ በድንገት የመጣ ወይም እየባሰ የሚሄድ ሕመም ቁጭ ብለው የሚያስተውሉት ሳይሆን ፈጥነው ሐኪም ቤት የሚሄዱበት ነው።

የሚቀጥለውን በጥርስ ሕመም እንመልከት። ሌሊት ነው፤ ማስታገሻው ተውጧል፤ የጥርስ ሐኪሙ የሚገኘው ግን ነገ ጠዋት ነው። በቅድሚያ ሕመሙ የት እንደሆነና ምን እንደሚመስል ለይተው ይወቁት፦ ይጠዘጥዛል ወይስ ይወጋል? ባለበት ነው ወይስ ወደ ጆሮ ይዘልቃል? እየመጣ ይሄዳል ወይስ አያቋርጥም? የበርማው መነኩሴ ማሃሲ ሳያዶ (1904–1982) ደቀ መዛሙርታቸውን የሚሰማቸውን ሁሉ በልባቸው በአጭር ቃል እየጠሩ እንዲያስተውሉት ያስተምሩ ነበር፤ እርስዎም «ሕመም፣ ሕመም» ወይም «ጥዝጠዛ» እያሉ ሊከተሉት ይችላሉ። ቃሉ አጭር ይሁን፤ ማብራሪያ ከተጨመረበት ወሬ ይሆናል።

ከዚያ በኋላ በሕመሙ ላይ የተደረበውን ይፈልጉ። ግማሹ በአካል ላይ ያለ ነው፦ ሳያውቁት የተነከሰው መንጋጋ፣ ወደ ጆሮ የተሳበው ትከሻ፣ የታፈነው ትንፋሽ። እነዚህን አንድ በአንድ ማላላት ይቻላል። የቀረው በአሳብ የሚመጣ ነው፦ «ነገ ሥራ እንዴት እገባለሁ?»፣ «ያን ጊዜ ባስነቅለው ኖሮ!»፣ «ደግሞ ስንት ሊጠይቁኝ ነው?» ከአሳቦቹ ጋር ክርክር አይግጠሙ፤ «ጭንቀት»፣ «ጸጸት» ብለው ጠርተው ወደ ጥርሱ ይመለሱ።

ምሳሌውን የሚጠቅሱ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፤ በእኔ አስተያየት ግን ጠቃሚው ክፍል ገና አልተነካም። ጽሑፉ እንደሚለው ያልተማረ ሰው ሕመምን ከመጥላቱ ሌላ ደስታን ወደሚሰጡ ነገሮች ይሸሻል፤ ምክንያቱም ከሕመም የሚወጣበት ሌላ በር አያውቅም። በዚያ ሌሊት በሩ ስልክ ነው። እጅ ሳይታዘዝ ያነሣዋል፤ አንዱ ቪዲዮ ሌላውን ይጠራል፤ ሲያስቀምጡት ጥርሱ እንዳለ ነው፣ እንቅልፉም ርቋል። ለሌላው ሰው በሩ መጠጥ፣ ጫት ወይም ያለ ረኃብ መብላት ሊሆን ይችላል። መፍትሔው ስልኩን እርም ማለት አይደለም፤ እጅዎ ሲዘረጋ «መሸሽ ፈለግሁ» ብለው ማወቅና ሦስት ጊዜ ቀስ ብለው ተንፍሰው መወሰን ነው። አውቀው ለግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ቢያዳምጡ ዕረፍት ነው፤ ሳያውቁ እስከ ንጋት ቢቆዩ ግን ሕመሙም አልቀነሰ፣ በላዩ ልማድ ተተክሏል።

አንድ ስውር ወጥመድ አለ። ሕመሙን እያስተዋሉ በየደቂቃው «ቀነሰ ወይ?» ብለው የሚጠይቁ ከሆነ፣ ማስተዋሉ ራሱ የጥላቻ መሣሪያ ሆኗል። ይህንንም «መጠበቅ» ብለው ይጥሩትና ይለፉት።

ይህ ሁሉ በከባድ ሕመም መካከል የሚጀመር ትምህርት አይደለም፤ ልምምዱ በጤና ቀን በትንሹ ይሁን። ለዐሥር ወይም ለዐሥራ አምስት ደቂቃ ጸጥ ብለው ይቀመጡ፤ ጉልበትዎ ሲያምዎ ወይም አፍንጫዎን ሲበላዎ ወዲያው አይንቀሳቀሱ፤ የመንቀሳቀስ ፍላጎቱን መጀመሪያ ይዩት፣ ካስፈለገ ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው ይዘርጉ። አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በ1979 እ.ኤ.አ. በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የጀመሩትና ከቡድሃ ተመስጦ የተቀዳው የ8 ሳምንት ሥልጠናም ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸውን ሰዎች የሚያለማምደው፣ ያለ ሃይማኖታዊ ሥርዓት፣ በዚሁ መንገድ ነው።

ምሳሌው ለራስ እንጂ በሌላው ላይ የሚወረወር አይደለም። ለታመመ ሰው «ሥቃይህን የምታበዛው አንተ ነህ» ማለት ሦስተኛ ፍላጻ መጨመር ነው። ናኩላፒታ የተባለ ያረጀና ዘወትር የሚታመም ሰው ምክር ፈልጎ በመጣ ጊዜ፣ ቡድሃ በቅድሚያ ሰውነቱ በእርግጥ የታመመና የደከመ መሆኑን አረጋገጠለት፤ «ሰውነቴ ቢታመምም አእምሮዬ አይታመምም» ብሎ ራሱን እንዲያሠለጥን የመከረው ከዚያ በኋላ ነው። በሽተኛ ሊጠይቁ ሲሄዱም ቅደም ተከተሉ ይኸው ይሁን፦ የት እንደሚያመው ይስሙት፣ መድኃኒቱን መውሰዱንና ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ሰው መኖሩን ይጠይቁት፤ ስለ ፍላጻው የሚነግሩት እርሱ ራሱ ምክር ከጠየቀዎ ብቻ ነው።