ስኪን ታግ ቤት ውስጥ ማስወገድ፦ የትኛው ይነካል፣ የትኛው አይነካም

አንገት ላይ፣ ብብት ስር፣ ጡት ስር ወይ ብሽሽት አካባቢ ለስለስ ያለች፣ በቀጭን ግንድ የተንጠለጠለች ትንሽ ስጋ ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስኪን ታግ ናት። አታምም፣ ሰው ላይ አትጋባም፣ ጉዳትም የላትም፣ ስለዚህ ካላስቸገረቻችሁ ብትተዋትም ምንም አትሆኑም። ሀብል ሲይዛት ወይ ኮሌታ ሲፈገፍጋት ታናድዳለች፣ መልኳን ካልወደዳችሁትም ያ በራሱ በቂ ምክንያት ነው።

ኢንተርኔት ላይ ሁሉም ቶሎ ብሎ ወደ ማስወገጃው ነው የሚገባው፣ እኔ ግን ከሁሉም በፊት የምለው በደንብ እዩዋት ነው። ጥሩ ብርሃን ያለበት መስታወት ፊት ቁሙና በጣታችሁ ግራ ቀኝ ግፏት። ስኪን ታግ ልስልስ ናት፣ ስትገፏት ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ቀለሟ የቆዳችሁን ነው ወይ ትንሽ ጠቆር ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ሚሊሜትር ብትሆን ነው። ሻካራና ጠንከር ያለች ከሆነች የቆዳ ኪንታሮት ልትሆን ትችላለች፣ ኪንታሮት ደግሞ በቫይረስ ስለሚመጣ ስትነካኩት ወደ አጠገቡ ቆዳ ሊዛመት ይችላል። ሥሯ ሰፊ የሆነች፣ ሁለት ሶስት ቀለም ያላት፣ ጠርዟ የተዛነፈ፣ ሳትነካ የምትደማ ወይ በሳምንታት ውስጥ ያደገች ከሆነች ግን በፍጹም እንዳትነኳት፣ የቆዳ ካንሰር ሊሆን የሚችል ነገር አለ። እቤት በክር አስራችሁ ከጣላችኋት ደግሞ ሐኪሙ ላብራቶሪ ልኮ የሚያስመረምረው ነገር አያገኝም፣ ይሄ ነው ትልቁ አደጋ።

እውነተኛ ስኪን ታግ ብትሆንም የዓይን ቆብ ላይ ያለችውን ለሐኪም ተዉት። ብልትና ፊንጢጣ አካባቢ ያለውንም እንደዛው፣ እዛ ጋ ሌላ ነገር የመሆን እድሉ ሰፊ ነው። የስኳር በሽታ ያለባችሁ፣ ደም ማቅጠኛ የምትወስዱ፣ ቁስላችሁ ሲድን አብጦ ጠባሳ (ኬሎይድ) የሚሰራባችሁ ሰዎችም እቤት አትሞክሩ። ልጆች ላይም አይሞከርም። እርጉዝ የሆናችሁ ደግሞ ትንሽ ታገሱ፣ በእርግዝና ጊዜ የወጣው አንዳንዴ ከወለዱ በኋላ ራሱ ይቀንሳል።

የቆዳ ሐኪሞች በአብዛኛው እነሱ ጋ ብታስነሱት ነው የሚመርጡት። እቤት ልሞክር ካላችሁ ግን ከሁሉም የሚሻለው ክር ማሰር ነው፣ እሱም ለትንሽ እና ግንዷ ቀጭን ለሆነች ብቻ። ቦታውን በሳሙና ታጠቡና በ70 ፐርሰንት አልኮል ጥረጉ፣ እጃችሁንም እንደዛው። የጥርስ ክር ወይ ቀጭን የስፌት ክር ቆርጣችሁ አልኮል ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ከዛ ላላ ያለች ቀለበት ሰርታችሁ አስገቧት፣ ጫፏን በንጹህ ወረንጦ ቀስ ብላችሁ ቀና አድርጉና ቀለበቷን ወደ ግንዷ ሥር አውርዱ፣ ከአንገት በስተኋላ ከሆነ ሌላ ሰው ይስራላችሁ ምክንያቱም ሳታዩ ማሰር ጤነኛውን ቆዳ አብሮ መያዝ ነው። ቆንጠጥ እስኪያደርጋችሁ ድረስ ብቻ አጥብቁ፣ ክሩ ቆዳውን መቁረጥ የለበትም። የተረፈውን ክር ቆርጣችሁ ፕላስተር ለጥፉበት፣ በየቀኑም ቀይሩት።

ነገሩ የሚሰራው ደም እንዳይደርሳት ስለሚያደርግ ነው። መጀመሪያ ትቀላለች፣ ከዛ ትጠቁራለች፣ ትደርቅና ከጥቂት ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ራሷ ትወድቃለች። እየጎተታችሁ አታፋጥኑት። በሁለት ሶስት ቀን ቀለሟ ካልተለወጠ ክሩ ላልቷል ማለት ነው፣ አንዴ ደግማችሁ እሰሩ፣ አሁንም ካልሆነ ተዉትና ሐኪም ጋ ሂዱ። ዙሪያው ያለው መቅላት እየሰፋ ከሄደ፣ መግል ከያዘ፣ ህመሙ እየባሰ ከመጣ ወይ ትኩሳት ካለ ክሩን ቆርጣችሁ አውጡና በዛው ቀን ታዩ። ስትወድቅ ቦታውን ታጠቡት፣ ቫዝሊን ቀቡትና እስኪድን ሸፍኑት። ከደማ በንጹህ ጎዝ 10 ደቂቃ ጫን አድርጋችሁ ያዙ፣ በየመሃሉ አንስታችሁ አትዩ፣ ካልቆመ ህክምና ሂዱ።

በመቀስ ወይ በጥፍር መቁረጫ መቁረጥ አይታሰብም፣ ግንዷ ውስጥ የደም ስር አለ። አቼቶ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቲ ትሪ ኦይል ምናምን የሚባለውም በአብዛኛው የሚያቃጥለው ዙሪያዋ ያለውን ጤነኛ ቆዳ ነው፣ በተለይ ጠቆር ያለ ቆዳ ላይ የተቃጠለው ቦታ ለወራት ጥቁር ሆኖ ይቀራል፣ ታዲያ በትንሽ ስጋ ፈንታ ትልቅ ጥቁር ነጥብ ምን ይሰራል? እቤት የሚሰራ ማቀዝቀዣ ስፕሬይም ተጠንቀቁ፣ ቅዝቃዜው ለቆዳ ቀለም የሚሰጡትን ሴሎች ስለሚገድል ነጭ ምልክት ሊተው ይችላል። ኦንላይን ስለሚሸጡት ክሬሞችና ጠብታዎች ደግሞ የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ (ኤፍዲኤ) ለስኪን ታግ ያለ ሐኪም ትዕዛዝ የሚሸጥ ያጸደቅኩት መድኃኒት የለም ብሏል፣ አንዳንዶቹ ጠንካራ አሲድ ነው ያለባቸው።

ብዙ ከሆኑባችሁ አንድ በአንድ እያሰራችሁ አትሰቃዩ። ሐኪም በመቀስ ቆርጦ ወይ በኤሌክትሪክ አቃጥሎ በአንድ ቀጠሮ ብዙውን ያነሳላችኋል፣ የሚያደነዝዝም መድኃኒት አለ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ በአጭር ጊዜ ብዙ ስኪን ታግ ከወጣባችሁና አንገታችሁ ወይ ብብታችሁ ታጥቦ የማይለቅ እድፍ የመሰለ፣ ጠቆርና ወፈር ያለ ከሆነ የደም ስኳርን የሚቆጣጠረው ኢንሱሊን ሰውነታችሁ ውስጥ በደንብ እየሰራ ላይሆን ይችላል። ስኪን ታጓን ከማሰባችሁ በፊት የደም ስኳር ተመርመሩ፣ ሳትበሉ ጠዋት የሚደረገው ወይ የሶስት ወሩን አማካይ የሚያሳየው ኤችቢኤዋንሲ የሚባለው ይሁን፣ ቆዳ ላይ ያለው ሌላ ቀን ይደርሳል።