የነትክራከርን ታሪክ በሥዕል መጽሐፍ መልሶ ለመተረክ

ጎንደር ላይ ሆኖ ነትክራከር የተባለውን፣ ፍሬ በመንጋጋው የሚሰብር የእንጨት ወታደር ታሪክ ለልጆች በሥዕል ሊያዘጋጅ የተነሣ ሰው፣ እርሳስ ከማንሣቱ በፊት የትኛውን ታሪክ እንደሚተርክ መወሰን ይኖርበታል። ጀርመናዊው ሆፍማን በ1816 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ተረት ሰባት ራስ ያለው የአይጦች ንጉሥ የሚገኝበት፣ በውስጡም ሌላ ተረት ያዘለ አስፈሪ ሥራ ሲሆን ልጅቷ ማሪ ትባላለች፤ ቻይኮቭስኪ ሙዚቃውን የደረሰለትና በ1892 እ.ኤ.አ. በሴንት ፒተርስበርግ ማሪንስኪ ቴአትር የቀረበው ባሌት ግን ፈረንሳዊው ዱማ አለዝቦ የጻፈውን ይከተላል፤ በብዙ ዝግጅቶችም ልጅቷ ክላራ ናት። ለትንንሽ ልጆች ባሌቱ ይሻላል።

የባሌቱ ችግር በጣፋጮች አገር የሚሆነው ሁለተኛው ክፍል ነው። መድረክ ላይ ጭፈራው ራሱ ይበቃል፤ ወረቀት ላይ ግን ቸኮሌት፣ ቡናና ሻይ ተራ በተራ ከመጨፈራቸው በቀር የሚሆን ነገር የለም። ስለዚህ በተለመደው የ32 ገጽ መጽሐፍ ለጣፋጮች አገር ከስምንት ገጽ በላይ አይሰጥ። (ቡናው የዐረብ ጭፈራ መባሉ የቡና አገር ልጆችን ቢያስገርምም እንዳለ ይቀመጥ፤ ዜማው እንኳ መነሻው የጆርጂያ እሹሩሩ ነው።) የተረፈው ቦታ ለእኩለ ሌሊቱ፣ ማለትም የገናው ዛፍ ለሚያድግበትና ወታደሩ ከአይጦቹ ጋር ለሚዋጋበት ክፍል ይዋል። ዛፉ ሲያድግ ለማሳየት፣ በተከታታይ ገጾች ወለሉንና ልጅቷን ከቦታቸው ሳያንቀሳቅሱ፣ ጫፉ ከገጹ ጠርዝ እስኪያልፍ ድረስ ዛፉን ብቻ ማሳደግ ነው፤ በእነዚህ ገጾች ላይ አንድም ቃል ባይጻፍ እመርጣለሁ።

የጎንደር ሰዓሊ ሌላው የማያገኘው ሀብት አለው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ቅዱሳን ፊታቸው ሙሉ ሆኖ በሁለት ዓይን ሲታዩ፣ ክፉዎች በጎን በአንድ ዓይን ይሣላሉ። ደብረ ብርሃን ሥላሴን እያየ ያደገ ልጅ ይህን ስለለመደው፣ የአይጦቹ ሠራዊት በጎን፣ ወታደሩ ደግሞ ፊት ለፊት ቢሣል ማን ከማን ወገን እንደሆነ ሳይነገረው ይለያል። የሚወሰደው ግን ይህ ዘዴ ብቻ ነው፤ ለክላራ የሀበሻ ቀሚስ ማልበስ፣ ቤቷንም ወደ ፋሲል ግቢ ማዛወር ታሪኩን ያፈርሰዋል። በረዶውም ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የሚንኳኳው ዓይነት እንዳይመስል፣ ቀሚሷ ላይ አርፎ ሳይቀልጥ የሚቆይ ሆኖ ይሣል።

ጽሑፉ ሥዕሎቹ ካለቁ በኋላ፣ በየገጹ ከሁለት ወይም ከሦስት ዓረፍተ ነገር ሳያልፍ ይጻፍ። የታሪኩ ሌሊት የምዕራባውያን የገና ዋዜማ ማለትም በፈረንጆች አቆጣጠር ዲሴምበር 24 ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ ጾመ ነቢያት ገና ስለማይፈታ፣ ይህን በመጀመሪያው ገጽ በአንድ መስመር ማስታወስ በኋላ ከሚመጣ ብዙ ጥያቄ ያድናል።