ደሴ ላይ ሮል ፕሌይንግ ጌም ለመጀመር ምን ያስፈልጋል? ከመግዛታችሁ በፊት አንብቡት

ሰሞኑን ከደሴም ከኮምቦልቻም "እናንተ የምትጫወቱትን እኛም መጀመር ፈልገን ነበር፣ ግን መጽሐፉ ውድ ነው" የሚሉኝ ልጆች በዝተዋል፣ እና አንዴ ቁጭ ብዬ ልጻፈው። መጀመሪያ ግን ምንም እንዳትገዙ።

ጌሙ እንዲህ ነው፣ አራት አምስት ሆናችሁ ትቀመጣላችሁ፣ አንዱ ታሪኩን ይመራል፣ የቀራችሁት እያንዳንዳችሁ አንድ ሰው ትሆናላችሁ፣ መሪው "እንዲህ ያለ ነገር ገጠማችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?" ይላል፣ ትመልሳላችሁ፣ ነገሩ መሳካቱ ካጠራጠረ ዳይስ ይጣላል። በቃ። አሸናፊ ተሸናፊ የለውም። እንቆቅልሽ ላይ "አገር ስጠኝ" እየተባባልን ያደግን ሰዎች ነን እኮ፣ ቁጭ ብሎ በአፍ አገር መስጠትና መቀበል ለኛ አዲስ ነገር አይደለም።

ውጪ ግን ትልቅ ገበያ ነው። ከዚህ ዓይነት ጌም ስሙ የገነነውን ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስን ጋሪ ጋይጋክስ እና ዴቭ አርነሰን አሜሪካ ውስጥ በፈረንጆቹ 1974 ሲያወጡት የመጀመሪያው ህትመት 1,000 ብቻ ነበር፣ ዛሬ የአሻንጉሊትና የጌም ኩባንያው የሃዝብሮ ንብረት ነው፣ ዋና መጽሐፎቹ 3 ሲሆኑ አንዱ 50 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ነገር ግን ብዙ ጊዜ ከአንድ ጠረጴዛ መጽሐፍ የሚገዛው መሪው ብቻ ነው፣ ሌላው ተውሶ ይጫወታል፣ ኩባንያውም ይሄን አሳምሮ ያውቃል። በ2023 መጀመሪያ ሌሎች ሰዎች በጌሙ ህጎች የራሳቸውን ነገር እንዲሰሩ የሚፈቅደውን ፈቃድ ሊያጠብቅ ሲል ተጫዋቹ በሙሉ ተነሳበትና ወደኋላ ተመለሰ፣ ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ የጌሙን መሰረታዊ ህጎች ክሪኤቲቭ ኮመንስ በሚባለው፣ ሌላው ሰው በነጻ እንዲጠቀም በሚፈቅደው ፈቃድ ለቀቃቸው። ስለዚህ ምንጩን እስከጠቀሳችሁ ድረስ እነዚያን ህጎች በነጻ ማውረድ፣ ፎቶ ኮፒ ማባዛት፣ ወደ አማርኛ መተርጎም፣ ከፈለጋችሁ ተርጉማችሁ መሸጥም ትችላላችሁ። እኔ ይሄን ሳውቅ ነው ልቤ የተነሳው።

ለጀማሪ ግን እሱም ይበዛል። ዳይሱ ባለ 20 ፊት ነው የሚሉትን እኛም ሰምተን ከ1 እስከ 20 ወረቀት ላይ ጽፈን አጣጥፈን ሲኒ ውስጥ እየጨመርን እንደ ዕጣ ስናወጣ ነበር፣ ሁለት ሳምንት አላስኬደንም፣ 20 የተጻፈበት ወረቀት ጥግ ላይ ቡና ነክቶት ሁሉም ሰው በጣቱ ያውቀው ጀመር። አሁን የምንጠቀመው ሁለት የሉዶ ዳይስ ነው፣ ፒያሳ ሱቆች ጠይቁ፣ ካጣችሁ ስልክ ላይ አለ። ሁለቱን ደምሩ፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ተሳካ፣ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ ግን ዋጋ ያስከፍላል፣ 6 እና ከዚያ በታች ከሆነ መሪው ነገሩን ያከፋዋል። እያንዳንዱ ሰው ሶስት ነገር ይኑረው፣ ጉልበት፣ ብልሃት፣ ምላስ። በአንዱ ሲጥል ድምሩ ላይ 2 ይጨመርለት፣ በአንዱ 1፣ በሦስተኛው ምንም።

የጌሙ ነፍስ ያለችው "ተሳካ ግን" የምትለዋ ጋ ነው፣ አንዷን ልንገራችሁ። ሌሊት 6 ሰአት ነው፣ የጌሙ ሰዎች ከኮምቦልቻ ተነስተው ሐረጎን እየወጡ ነው፣ ጉሙ የአይሱዙውን መብራት ውጦታል፣ መሀል አስፋልት ላይ አንድ ሽማግሌ የእንቁላል ቅርጫት እግራቸው ስር አድርገው ቆመዋል፣ መንገዱ እርጥብ ነው፣ ጋቢያቸው ግን ደረቅ። ረዳቱን የሚጫወተው ልጅ "ወርጄ አባባ በዚህ ሰአት ወዴት ነው እላቸዋለሁ" አለ፣ ጣለ፣ 8 መጣ። መለሱለት፣ "ደሴ ነው ልጄ" አሉት፣ ግን በስሙ ጠርተው። ቤቱ ጸጥ አለ። ያ ልጅ እኮ ሰው መሀል አፉን የማይከፍት ነው፣ ያን ቀን ግን ሽማግሌውን መኪና ላይ እናሳፍር አናሳፍር ብሎ ሲከራከር አመሸ። ሰው ይሄን ጌም ለምን ይወደዋል ለሚለኝ የምነግረው ያን ልጅ ነው።

ሰአቱን ደግሞ በቡና ለኩት፣ እኛ በብዙ ሙከራ የደረስንበት ነው። አቦል ላይ ችግሩ ይምጣ፣ ቶና ላይ ይወሳሰብ፣ በረካ ላይ ይፈታ ወይ ለሚቀጥለው ተንጠልጥሎ ይደር። መሪ የሆነ ሰው አቦል ሳያልቅ ሚስጥሩን ሁሉ ካፈሰሰው ቶና ላይ ሰው ስልኩን ማውጣት ይጀምራል። መብራት ቢጠፋ አብሽሩ፣ እንደውም ያኔ ነው የሚጥመው።

ስለ ታሪኩ፣ አስማተኛና ጋኔን ከመጀመሪያው ቀን አታምጡ፣ የጎረቤት ጆሮ አለ፣ የአንዳችን እናት "በቃ ሞተ፣ ቅበሩት" ሲባል ሰምተው ከጓዳ "ማነው የሞተው?" ብለው ደንግጠው ወጥተዋል። ቀድማችሁ ለቤቱ ሰው ምን እንደምትጫወቱ አስረዱ፣ ቢፈልጉ አንድ ዙር ይጫወቱ። ቦታውም ከዚሁ ይሁን፣ ዘንዶ ያለበትን ዋሻ ከመሳል የምታውቁት ሰኞ ገበያ ይሻላል፣ ሁሉም ሰው ምን እንደሚሸት ያውቀዋል። ደሴ ስሟን ያገኘችው አፄ ዮሐንስ በፈረንጅ 1882 እዚህ ሰፍረው ጅራታም ኮከብ አይተው ነው ይባላል፣ በዚያች ሌሊት ከሰፈሩ ማን ጠፋ ብላችሁ ብትነሱ የሁለት ወር ታሪክ ይወጣዋል። አይጠየፍ አዳራሽ ግብር ላይ ያልተጠራ እንግዳ ገባ ብትሉም ያስኬዳል።

የሰዎቻችሁን ወረቀት ደግሞ ለየብቻ ወደ ቤት አትውሰዱት፣ አንድ ፖስታ ውስጥ ተደርጎ ቡናው የሚፈላበት ቤት ይቀመጥ፣ ሰው ቢቀር እንኳ የሱን ሰው ሌላው ይዞለት ይጫወትና ምን እንደደረሰበት ጀርባው ላይ ይጻፍለት።