የጨዋታ ዓለም ስትመርጡ እነዚህን ስህተቶች አትሥሩ

ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስን (ገጸ ባሕርይ ሆናችሁ፣ ዳይስ እየጣላችሁ ታሪክ የምትፈጥሩበትን ጨዋታ) ለመጫወት ደሴ ላይ አራት ጓደኛ መሰብሰብ አይከብድም። ቡና ከፈላ ሰው ይመጣል። ጭቅጭቁ የሚነሳው «በየትኛው ዓለም እንጫወት?» ሲባል ነው። ዓለም ማለት ታሪኩ የሚካሄድበት፣ በመጽሐፍ ተዘጋጅቶ የታተመ ምናባዊ ቦታ ነው። አንዱ ኤቤሮን ይላል፣ ሌላው «ዳርክ ሰን ካልሆነ እኔ የለሁበትም» ብሎ ይነሳል። እዚህ ላይ ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች አሉ።

አንደኛ፣ ዝናን አይቶ መምረጥ። ኤድ ግሪንውድ የፈጠረው ፎርጎትን ሪልምስ በ1987 እ.ኤ.አ. ከታተመ ወዲህ ስንትና ስንት ልቦለድና የኮምፒውተር ጌም ወጥቶበታል። የታወቀው ጌም ስሙን የወሰደበት ባልደርስ ጌት ራሱ እዚያ ዓለም ውስጥ ያለ ከተማ ነው። ደጋፊው ቢበዛ ምን ይገርማል? ለእናንተ ይሆናል ማለት ግን አይደለም። መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ። ሴራና ስለላ የሚወድ ካለ፣ ከረጅም ጦርነት ማግስት ያለው ኤቤሮን ይስማማዋል። ድራገንና ትልቅ ጦርነት ለሚፈልግ ድራገንላንስ አለ።

ሁለተኛው ዓለሙን መርጦ ሕጉን መጣል ነው። ይሄ በጣም ያናድደኛል። በ1991 እ.ኤ.አ. የወጣው ዳርክ ሰን በረሃ ነው። ብረት ብርቅ ስለሆነ ሰው በአጥንትና በድንጋይ መሣሪያ ይዋጋል። አማልክት የሉም። አስማተኛው ካልተጠነቀቀ ኃይሉን የሚስበው ከዕፅዋት ሕይወት ነው፤ የቆመበት መሬት አመድ ይሆናል። ታዲያ ሥዕሉን አይቶ የወደደ ዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) በመጀመሪያው ምሽት ለሁሉም የብረት ጎራዴ ያድላል! ከዚያ በኋላ ከሙቀቱ በቀር ምን ቀረ? አንድ ኮዳ ውሃ ለሦስት ሰው ስጡና እዩ። ማንም ዳይስ ሳይጥል ክርክሩ ይጦፋል።

ስለ ዓለሙ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤ ልጨርስ ማለትም አለ። አያልቅም። አንድ ከተማና ሁለት የተጣሉ ወገኖች ለመጀመሪያው ምሽት ይበቃሉ።

ስም ቀይሮ «ወሎ አደረግኩት» ማለት ደግሞ የኛው ስህተት ነው። የፎርጎትን ሪልምሱን ከተማ ዋተርዲፕን ደሴ ብትሉት ያው ዋተርዲፕ ነው። ከወሎ መውሰድ ከፈለጋችሁ የባቲን ሰኞ ገበያ ውሰዱ። ከቆላ አፋሩ ግመሉን ይዞ ይመጣል፣ ኦሮሞውና አማራው እዚያው ይገናኛሉ። ይህን ወደ ጨዋታው አምጡት፦ ጨው የጫኑ ግመሎች ቆመዋል፣ ነጋዴው ቋንቋ አይችልም፣ የጉድጓዱ ጠባቂ ደግሞ ዋጋ ጨምሯል። ተጫዋቾቹ ማንን ይዘው ይደራደሩ? አንድ ነገር ግን አደራ። ጎረቤት ሕዝብን እንደ ኦርክ ወይ ጎብሊን ያለ የጨዋታው ጭራቅ አድርጋችሁ አትሣሉ። ጸበሉንም መንዙማውንም አስማት ከማድረጋችሁ በፊት ጠይቁ። እኛ ጋ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንድ ገበታ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ሳይጠይቁ ራቨንሎፍት የሚባለውን አስፈሪ ዓለም መጀመርም ልክ አይደለም። መነሻው ትሬሲና ሎራ ሂክማን የጻፉት፣ በ1983 እ.ኤ.አ. የወጣ የቫምፓየር ታሪክ ነው። አስፈሪ ነገር የማይወድ ሰው ካለ ምሽቱ ይበላሻል። ሁሉም ከተስማማ ግን መብራት የጠፋበትን ቀን ጠብቁ፤ በሻማ ይጣፍጣል።

የመጨረሻው፣ የሌላውን ምርጫ መናቅ። ግሬይሆክ የሚባለውን ዓለም የሚወዱ ልጆች «ባቡር ከድራገን ጋር ምን አገናኘው?» እያሉ ኤቤሮንን ያጥላላሉ። ኤቤሮን ከ11,000 በላይ ሐሳብ በቀረበበት ውድድር አሸንፎ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ የኪት ቤከር ሥራ ነው፤ አስማቱ እንደ ቴክኖሎጂ ስለሚሠራ ባቡሩም የሚሄደው በአስማት ነው። የኤቤሮን ወዳጆች ደግሞ ግሬይሆክን «የሽማግሌ» ይሉታል። በ1980 እ.ኤ.አ. የታተመው፣ ከጨዋታው ፈጣሪዎች አንዱ የሆነው የጋሪ ጋይጋክስ ዓለም ስለሆነ ዕድሜው እውነት ነው፣ ንቀቱ ግን ምን አመጣው? ካልተስማማችሁ አንድ ምሽት ይሄን፣ በሚቀጥለው ያንን ሞክሩ። ሁለቱንም የሚመራው ግን ያው ዲኤም ይሁን፤ አለዚያ የምታወዳድሩት ዓለሞቹን ሳይሆን ሰዎቹን ነው።