የጤና ጣቢያ የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ፦ በክረምት ለክቶ በበጋ መቆፈር

በጎጃም ወረዳዎች የጤና ጣቢያ የአካባቢ አያያዝ ዕቅድ (የቆሻሻው፣ የፍሳሹና የውኃው ዕቅድ) ብዙ ጊዜ የሚጻፈው ሰኔ ላይ ነው፤ ሪፖርት ሲጠየቅ፣ ከሌላ ተቋም የተገለበጠ ሰነድ ላይ ስሙ ብቻ ተቀይሮ። እንዲህ ያለውን ሰነድ ለማወቅ እስከ መጨረሻው ማንበብ አያስፈልግም። ግማሹ መስመር «ግንዛቤ መፍጠር» ይላል፤ በሳምንት ስንት ኪሎ ቆሻሻ እንደሚወጣ ግን የትም የለም።

ሥራው የሚጀመረው ቢሮ ውስጥ ሳይሆን ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጭቃ ውስጥ ነው። የከርሰ ምድር ውኃ ምን ያህል ከፍ እንደሚል፣ ጎርፉ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ አፈሩ ውኃ ይውጥ አይውጥ የሚታወቀው በክረምት ብቻ ነው። ቁፋሮና ግንባታ ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ ሚያዝያ ካልተጠናቀቀ ዝናቡ ይቀድመዋል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር፣ የዘንድሮው ክረምት ልኬት በመጋቢት ከዋጋው ጋር ለቦርዱ ይቀርባል፤ ገንዘቡ ሐምሌ ሲለቀቅ ዕቃው ይገዛል፤ ጉድጓዱ በቀጣዩ በጋ ይቆፈራል። ይህን ዙር ያላወቀ ዕቅድ በነሐሴ ጉድጓድ ያስቆፍርና በመስከረም ተደርምሶ ያገኘዋል።

ግቢውን መዞር

ዝናብ እየጣለ ቦቲ አድርጋችሁ ግቢውን ዙሩ። በአንድ ትልቅ ወረቀት ላይ ሕንፃዎቹን፣ የውኃ ጉድጓዱን ወይም ሮቶውን፣ መጸዳጃ ቤቶቹን፣ ማቃጠያውን፣ የእንግዴ ልጅ ጉድጓዱን፣ አጥሩንና የቅርብ ጎረቤቶችን ቤት ሣሉ። ርቀቱን በሜትር ለኩ፤ በእርምጃ መገመት በኋላ ያጣላል። ውኃ የሚሄድበትን አቅጣጫ በቀስት አመልክቱ። መጸዳጃ ቤት ከመጠጥ ውኃ ጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር መራቅና ከጉድጓዱ በታች ባለው ተዳፋት መሆን አለበት። ርቀቱ 40 ሜትር ሆኖ መጸዳጃው ከላይ ከሆነ ግን በሜትሩ ብቻ አትጽናኑ።

የከርሰ ምድር ውኃውን በመስከረም መጀመሪያ፣ ማለዳ፣ ሰው ሳይቀዳ፣ ጫፉ ላይ ድንጋይ በታሰረ ገመድ ለኩ። ማንኛውም የመጸዳጃም ሆነ የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ መሠረቱ ከዚህ ልክ በላይ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት። ውኃው በ4 ሜትር ከተገኘ የጉድጓዱ ጥልቀት ከ2 ሜትር አያልፍም። ሚያዝያ ላይ የተለካ ቁጥር ያታልላል፤ ያን ጊዜ ውኃው ወደ ታች ሸሽቷል። በጣና ዳርቻ፣ ዘጌን በመሰለ ቦታና በደሴቶቹ ላይ ውኃው ቅርብ ስለሆነ ከመሬት በላይ ከፍ ብሎ የተገነባ መጸዳጃ ነው የሚያዋጣው። ወደ ሐይቁ የሚሰርግ ፍሳሽ እምቦጭን የሚያፋፋ ምግብ መሆኑንም አትርሱ። በደሴት ላይ ደግሞ የማይቃጠል ነገር ሁሉ በጀልባ መውጣት ስላለበት የጀልባው ዋጋ በዕቅዱ ውስጥ የራሱ መስመር ይኑረው።

ቀጥሎ የማስረግ ፈተና ይሠራል። ፍሳሹ እንዲሰርግበት በታሰበው ቦታና ጥልቀት ላይ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ጉድጓድ ቆፍራችሁ ውኃ ሙሉና አሳድሩት። ጠዋት 15 ሴንቲ ሜትር ውኃ ጨምራችሁ ማስመሪያ አቁሙና በየግማሽ ሰዓቱ አንብቡ። ውኃው 2.5 ሴንቲ ሜትር ለመውረድ ከአንድ ሰዓት በላይ ከፈጀበት እዚያ ማስረጊያ ጉድጓድ አይሠራም።

ይህ ፈተና በዋልካ ላይ በበጋ ከተሠራ ከንቱ ነው። የቢቸና አካባቢ ጥቁር አፈር በየካቲት እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ አለው። ውኃውን በደቂቃ ውስጥ ስለሚጠጣው «ጥሩ ይሰርጋል» ተብሎ ይጻፋል። ነሐሴ ላይ አፈሩ አብጦ ስንጥቁ ሲዘጋ ግን ማስረጊያው ሞልቶ በግቢው ላይ ይፈሳል። ያው ማበጥና መኮማተር የጉድጓድ ግድግዳን ይገፋል፣ የሲሚንቶ ወለልን ይሰነጥቃል። ስለዚህ በዋልካ ላይ ጉድጓዱ ከታች እስከ ላይ በድንጋይ ይገነባል፤ አፉ ላይም ብረት ያለው የኮንክሪት ቀለበት ይደረጋል። ፍሳሹ የማይሰርግ ከሆነ ውኃ የማያሳልፍ ታንከር ሠርቶ በመምጠጫ መኪና ማስወጣት ይቀራል። መኪናው ከሌላ ከተማ የሚመጣ ከሆነ በዓመት ስንት ጊዜ፣ በምን ያህል ብር እንደሚመጣ ቀድሞ ይጻፍ። በዳንግላና በመራዊ በኩል ባለው ቀይ አፈር ሥራው ይቀላል፤ ፈተናው ግን እዚያም አይዘለልም።

ቆሻሻውን መመዘን

የተንጠልጣይ ሚዛን፣ ጥቁር (ለተራው ቆሻሻ) እና ቢጫ (ለአደገኛው) ባልዲ፣ አንድ ደብተር ይበቃል። ለ7 ተከታታይ ቀናት ከእያንዳንዱ ክፍል የወጣውን መዝኑ፤ የገበያ ቀን ከመካከላቸው ይኑርበት፣ ያን ቀን የተመላላሽ ታካሚ ቁጥር ሌላ ነውና። ክትባት ዘመቻ ሲኖር ደግሞ ሴፍቲ ቦክስ (ያገለገለ መርፌ የሚጣልበት ሣጥን) ብቻውን እንደገና ይቆጠር። ቆላ ወረዳዎች በመስከረምና በጥቅምት፣ ወባ ሲበዛ፣ መድገም አለባቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከጤና ተቋም ቆሻሻ 85 በመቶው እንደ ቤት ቆሻሻ ነው፤ አደገኛው 15 በመቶ ያህል ነው። ለምሳሌ በሳምንት 80 ኪሎ የሚወጣ ከሆነ በቢጫ ባልዲ የሚጠበቀው 12 ኪሎ ነው። የእናንተ ሚዛን 40 ኪሎ ካሳየ ማቃጠያው ስላነሰ አይደለም፤ የሙዝ ልጣጭና የካርቶን ወረቀት ቢጫ ባልዲ ውስጥ እየገባ ነው። ሁለተኛ ማቃጠያ ከመጠየቅ በፊት ባልዲዎቹ የት እንደቆሙ እዩ። ቢጫው ባልዲ መርፌ ከሚወጋበት ጠረጴዛ ሥር፣ ጥቁሩ በር ላይ ከሆነ ሰው የሚጥለው ቅርብ ባለው ውስጥ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይቁሙ።

ማቃጠል

ባለሁለት ክፍል የጡብ ማቃጠያ፣ ደ ሞንትፎርት የሚባለው ዓይነት፣ ትንሹ በሰዓት 12 ኪሎ ገደማ ያቃጥላል። ከላይ ባለው ምሳሌ ስሌት በሳምንት ሁለት አጭር ዙር ይበቃል ማለት ነው። የሚበላሸው ግን በአሠራሩ ነው። ቆሻሻ ከመግባቱ በፊት በደረቅ እንጨት ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞቃል። ጭሱ የሚያልፍበት ሁለተኛው ክፍል 800 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ካልደረሰ የሚወጣው መርዝ ነው። ጥቁር ጭስ ከታየ ወይ በአንዴ ብዙ ገብቷል ወይ ቆሻሻው እርጥብ ነው። ጭስ ማውጫው ከ4 ሜትር አይነስ። የነፋሱን አቅጣጫ ለማወቅ ረጅም እንጨት ላይ ጨርቅ አስራችሁ በጥር ለሳምንት፣ በሐምሌ ለሳምንት፣ ጠዋትና ከሰዓት መዝግቡ፤ ማቃጠያው ነፋሱ ወደ ማዋለጃ ክፍልና ወደ ጎረቤት በማይወስድበት በኩል ይሆናል።

ጣሪያ የሌለው ማቃጠያ ክረምቱን ሲጠጣ ከርሞ በጥቅምት እሳት ሲነድበት ጡቡ ይፈነዳል። ቆርቆሮና አራት የብረት ምሰሶ የዓመታት ዕድሜ ይጨምራል። ውስጡ በእሳት ጡብና ለእሳት በተሠራ ምርጊት ካልተለሰነ ተራው ሲሚንቶ ቶሎ ይፈረፈራል።

ወደ እሳቱ የማይገቡ ነገሮችም አሉ፦ የተዘጋ የመድኃኒት ብልቃጥና አምፑል (ይፈነዳል)፣ ባትሪ፣ የሜርኩሪ ቴርሞ ሜትር፣ የግፊት ጣሳ፣ ጊዜው ያለፈበት መድኃኒት፣ ፒቪሲ ፕላስቲክ፣ እንዲሁም እንግዴ ልጅ፤ የመጨረሻው ውኃ ስለሚበዛው እሳቱን ያጠፋል። መርፌን በበረኪና ዘፍዝፎ ማቃጠል ደግሞ በብዙ ቦታ እንደ ጥንቃቄ የሚቆጠር ስሕተት ነው፤ ክሎሪኑ ከእሳት ጋር ሲገናኝ ጭሱን ይመርዘዋል። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ተዘግቶ እንዳለ ይገባል። የመርፌው ብረት ስለማይቀልጥ አመዱ ክዳንና ቁልፍ ባለው፣ በተገነባ የአመድ ጉድጓድ ውስጥ ይጣላል፤ በእርሻ ላይ አይበተንም።

ቆሻሻውን በአውቶክሌቭ በእንፋሎት የሚያመክኑ ተቋማት አንድ ነገር ያስተውሉ። በደብረ ማርቆስ ከፍታ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። በባሕር ወለል ለማምከን የሚያስፈልገውን 121 ዲግሪ የሚሰጠው 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) እዚያ አይበቃም፤ የግፊት መለኪያው ወደ 19 ማንበብ አለበት። ለጮቄ ግርጌ ከዚያም ይብሳል። የሙቀት መለኪያ ካለ እሱን እመኑ።

የእንግዴ ልጅ ጉድጓድ

ሁለት ተገንብተው በተራ ቢሠሩ መልካም ነው፤ አንዱ ሲሞላ ታሽጎ ያርፋል። በኮንክሪት ቀለበት ይገነባል፣ በኮንክሪት ክዳን ይዘጋል፣ መጣያ በሩ በቁልፍ ይሆናል፣ ወንፊት ያለው የአየር ማስወጫ ቱቦ ይቆማል። በረኪና አይጨመርበትም። የሚያበሰብሱትን ተሐዋስያን ስለሚገድል ጉድጓዱ ሳይቀንስ በአጭር ጊዜ ይሞላል፣ ሽታውም አይለቅም።

ውኃ

መጀመሪያ የዕለት ፍጆታ ይሰላል። ለአንድ ተመላላሽ 5 ሊትር፣ ለተኛ ታካሚ ከ40 እስከ 60 ሊትር፣ ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር ይያዛል። 80 ተመላላሽ፣ 6 የተኙና 2 ወላዶች ያሉበት ጤና ጣቢያ በቀን 900 ሊትር ያህል ይፈልጋል፤ ባለ 5,000 ሊትር ሮቶ አምስት ቀን ተኩል ያቆየዋል። የቧንቧ ውኃ የሚቋረጥበት ረጅሙ ጊዜ ከዚህ ካለፈ ሁለተኛ ሮቶ በዕቅዱ ይግባ።

የጣሪያ ውኃ ይረዳል፣ ግን አይጋነን። 400 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ 15 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥልበት፣ 20 በመቶው ባክኖ፣ 4,800 ሊትር ይሰጣል። በክረምት አንድ ከሰዓት ሮቶውን ሊሞላው ይችላል። በጥርና በየካቲት ግን ምንም የለም፤ ስለዚህ የሚቆጠረው ለልብስና ለወለል እጥበት ነው። አሸንዳው በግንቦት ይጸዳል፤ የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ይዞ ስለሚወርድ ውጭ ይፈሳል።

የመጠጥ ውኃ በሮቶ ውስጥ ሲታከም ለ5,000 ሊትር 70 በመቶ ጥንካሬ ያለው የክሎሪን ዱቄት 14 ግራም ይበቃል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቧንቧው ጫፍ ሲለካ ቀሪው ክሎሪን በሊትር ከ0.2 እስከ 0.5 ሚሊ ግራም ይሁን። ለወለልና ለዕቃ ማጽጃ የሚሆነው 0.5 በመቶ ከ5 በመቶ በረኪና ሲሠራ አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ነው፤ ከዱቄቱ ሲሠራ ለ20 ሊትር ባልዲ 143 ግራም ነው። ዕለቱን ተሠርቶ ዕለቱን ያልቃል፤ ያደረ ኃይሉን ያጣል።

ወደ ሰነድ ማስገባት

የሰነዱ አካል ሰንጠረዥ ነው። እያንዳንዱ መስመር ሥራውን፣ ልኩን፣ ወሩን፣ ኃላፊውን በሥራ መደብ፣ ብሩንና የገንዘቡን ምንጭ ይይዛል። «የቆሻሻ አወጋገድን ማሻሻል» መስመር አይደለም። መስመር ማለት «ለማቃጠያው 3 በ3 ሜትር የቆርቆሮ ጣሪያ፤ በኅዳር፤ የአካባቢ ጤና ባለሙያው፤ ከውስጥ ገቢ» ነው። ጓንት፣ ቦቲ፣ መነጽር፣ ሽርጥ በቁጥር ይጻፉ። ለጽዳት ሠራተኞችና ለማቃጠያ ሠራተኛው የጉበት ቢ ክትባት ሦስቱም ዙር (ሁለተኛው ከወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር) ይመደብ። ሰው በመርፌ ከተወጋ ቦታውን በውኃና በሳሙና ታጥቦ የኤች አይ ቪ መከላከያውን በ72 ሰዓት ውስጥ የት እንደሚያገኝ በግድግዳ ላይ ይለጠፍ።

አዲስ ሕንፃ የሚጨመር ከሆነ ንድፉን ሳይጸድቅ የወረዳው አካባቢ ጥበቃ ባለሙያ ከአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እና ከብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንጻር ይመልከትላችሁ። ከተገነባ በኋላ የሚመጣ አስተያየት የሚያፈርሰው ግድግዳ ብቻ ነው።

ችግኝ በየዕቅዱ አለ። ባሕር ዛፍ ከውኃ ጉድጓድና ከፍሳሽ ታንከር አጠገብ አይተከል፤ ዋንዛና ወይራ ይሻላሉ። በሰንጠረዡ ውስጥ ደግሞ በሐምሌ የተተከለው ሳይሆን በጥር ቆሞ የተገኘው ይቆጠር።

ክትትሉ በወር አንድ ገጽ ነው፦ የቢጫ ባልዲው ክብደት፣ የተሞሉ ሴፍቲ ቦክሶች ቁጥር፣ የማቃጠያው ዙርና የጭሱ ቀለም፣ የክሎሪኑ ንባብ፣ የጉድጓዶቹ ቀሪ ጥልቀት በዱላ ሲለካ። ጉድጓዱ ሦስት አራተኛው ሲሞላ የሚቀጥለው ቁፋሮ ወዲያውኑ በዕቅድ ይያዝ፤ ያ ንባብ ሰኔ ላይ ከመጣ እስከ ታኅሣሥ የሚያቆይ ቦታ መኖሩን አስሉ።