ኦዲተሩ ሲመጣ፦ የልብስ ብራንዶች የፋብሪካን የሥራ ሁኔታ እንዴት ይመረምራሉ?

ሐዋሳ ውስጥ በጠዋት የሠራተኛ ሰርቪስ ሲያልፍ ብታዩ፣ ውስጡ ያሉት አብዛኞቹ ወጣት ሴቶች ናቸው። በ2008 ዓ.ም. በተመረቀው ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፉት ልብስ ባሕር ማዶ ይሸጣል። ልብሱን የሚሸጠው ብራንድ ብዙውን ጊዜ የራሱ ፋብሪካ የለውም፤ ትእዛዝ ሰጥቶ ነው የሚያሰፋው። ታዲያ ሠራተኞቹ እንዴት እንደሚያዙ በምን ያውቃል? ኦዲተር፣ ማለትም የሥራ ሁኔታውን የሚመረምር ሰው፣ ይልካል።

መጀመሪያ መለኪያ ይያዛል

ብራንዱ ለፋብሪካው የሥነ ምግባር ደንብ ይሰጣል። ሕፃናትን አታሠራ፣ አታስገድድ፣ አታዋክብ፣ መደራጀትን አትከልክል የሚል ነው። ከጎኑ የአገሩ ሕግ አለ። ሁለቱ ከተለያዩ ለሠራተኛው የሚሻለው ይወሰዳል።

የእኛው አዋጅ 1156/2011 መደበኛውን ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ላይ ያቆመዋል። ኦቨርታይም በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያልፍም። የሰዓቱ ክፍያ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት በ1.5፣ ከዚያ እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በ1.75፣ በሳምንቱ የዕረፍት ቀን በ2፣ በበዓል በ2.5 ይባዛል። አዋጁ ዝቅተኛ ደመወዝን ግን በቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ ደመወዙ የቤት ኪራይና አስቤዛ ባይችልም ፋብሪካው ኦዲቱን ሊያልፍ ይችላል። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው።

ከዚያ ጉብኝት

ቀኑ አስቀድሞ ከተነገረ ሁሉም ነገር ይጸዳል፤ ማስክ ይታደላል፣ መተላለፊያው ይለቀቃል። ሳይነገር መሄድ ይሻላል። ቢያንስ "በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ውስጥ እንመጣለን" ብሎ ቀኑን መደበቅ ይቻላል።

ኦዲተሩ ሲዞር ከሁሉ በፊት የአደጋ ጊዜ በሮችን በእጁ ገፍቶ መሞከር አለበት። በ2005 ዓ.ም. መስከረም 1፣ እኛ እንቁጣጣሽን ስናከብር፣ ካራቺ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ ከ250 በላይ ሠራተኞች አለቁ። መውጫዎቹ ተቆልፈው፣ መስኮቶቹ በብረት ታጥረው ነበር። ያ ፋብሪካ ከሳምንታት በፊት ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት ተቀብሎ ነበር።

ወረቀትን ከወረቀት ማጋጨት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው። የሰዓት መዝገብ፣ ፔሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) እና የሥራ ውል ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። ለስሌት እንዲመቸን ደመወዙ 2,080 ብር ነው እንበል። በሳምንት 48 ሰዓት ሲሠራ ወሩ በአማካይ 208 ሰዓት ስለሚሆን ሰዓቱ 10 ብር ይመጣል። አንዲት ሠራተኛ በወሩ ውስጥ 10 ሰዓት ካመሸች በ1.5 ተባዝቶ 150 ብር ሊታሰብላት ይገባል። ፔሮሉ ላይ 100 ብር ካለ ጥያቄ አለ።

ሁለት መዝገብ፣ አንዱን ለራሱ አንዱን ለኦዲተር፣ የሚይዝ ፋብሪካ ግን ይሄንን አስተካክሎ ነው የሚጠብቀው። ጎበዝ ኦዲተር ያኔ ማንም ያላሰበውን ደብተር ይጠይቃል፤ የተሰበረ መርፌ መዝገብን። ስባሪው ልብስ ውስጥ እንዳይቀር መርፌ በተሰበረ ቁጥር ቀኑና ሰዓቱ ይጻፋል፤ ቁርጥራጩም በፕላስተር ይለጠፋል። የሰዓት መዝገቡ "እሁድ ዝግ ነበር" እያለ እሁድ የተሰበረ መርፌ ከተገኘ፣ ነገሩ አበቃ። የጥራት ቁጥጥር ወረቀትና የጥበቃው የበር መዝገብም እንዲሁ ይመሰክራሉ።

ሠራተኛዋን ማነጋገር

ሱፐርቫይዘሩ ቆሞ እያየ እውነት አይነገርም። የሚነጋገሩትን ሰዎች ኦዲተሩ ራሱ ከየስፌት መስመሩ ይመርጣል፤ ቢቻል ከፓርኩ ውጭ፣ ሠራተኛዋ በምትናገረው ቋንቋ፣ ሲዳምኛም ሆነ ወላይትኛ። ስሟ ሪፖርቱ ላይ አይገባም።

አጠያየቁም ወሳኝ ነው። "ኦቨርታይም ይከፈልሻል?" ካላችኋት "አዎ" ብላ ትገላገላለች። "ባለፈው ቅዳሜ ስንት ሰዓት ወጣሽ? ታርጌት ካልሞላሽ ምን ይሉሻል? መጨረሻ ሽንት ቤት ለመሄድ ማንን አስፈቀድሽ?" ሲባል ነው ወሬው የሚወጣው።

መጨረሻ፣ ማስተካከል

ጥፋቱ፣ ኃላፊነት የሚወስደው ሰውና ቀነ ገደቡ ተጽፎ ፋብሪካው ይፈርማል። ኦዲተሩ በቀጠሮው ተመልሶ ያያል። ብራንዱ ራሱንም መመርመር አለበት፤ ዋጋ እየቀነሰና ቀን እያሳጠረ ያዘዘ ገዢ ኦቨርታይሙን ያመጣው እሱ ነው። ጥፋት ባየ ቁጥር ትእዛዝ ነጥቆ መሄድም መፍትሔ አይደለም። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ከአጎዋ (ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከመላክ ዕድል) ስትወጣ ሥራ መጥፋት ማን ላይ እንደሚያርፍ ሐዋሳ አይታለች።

ፓርክ የምትሠራ እህት ወይም ዘመድ ካለቻችሁ፣ አንድ ትንሽ ደብተር ግዙላት። በየቀኑ የገባችበትንና የወጣችበትን ሰዓት ትጻፍ፤ የደመወዝ ስሊፗንም በየወሩ እዚያው ታስቀምጥ። ደብተሩ ቤት ይቀመጥ እንጂ ፋብሪካ አይግባ። ኦዲተር ያነጋገራት ቀን ያለፈውን ቅዳሜ ስንት ሰዓት እንደወጣች አትጠራጠርም።